የሚያብረቀርቀው ወደ ታች

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የአዳማ ሙቀት ብቻ ነው ያስቸገረኝ። ማታ ማታ በረንዳ ላይ ስቀመጥ የሐዋሳ ሐይቅ ንፋስ ይናፍቀኛል።

ይህን ደብዳቤ በስልክ ያልላክሁልሽ አውቄ ነው። ፊደሉን ትልቅ አድርጌ አሳትሜ፣ ወደ ሐዋሳ ለሚመጣ የጎረቤት ልጅ ሰጠሁት። ከላፕቶፑ ጎን ዘርጊው። አንድ መስመር አንብቢ፣ አንድ ነገር ሞክሪ። አትቸኩዪ።

መጀመሪያ ግን ይቅርታ ልጠይቅሽ። ለፋሲካ ስመጣ የእድሩን የስብሰባ ጥሪ ስትጽፊ ነው ያገኘሁሽ። ለ64 አባል፣ 64 ጊዜ። ያው ቀን፣ ያው ሰዓት፣ ያው አጀንዳ፤ የሚለየው ስሙ ብቻ ነው። 17ኛው ላይ ደርሰሽ ነበር። «እንዴ እማዬ፣ ኮፒ ፔስት አድርጊዋ!» አልኩሽ። ከዚያ እጅሽን ከማውዙ ላይ አንስቼ ራሴ ጨረስኩት። «አየሽ፣ ቀላል ነው» አልኩሽ። አንቺ ግን ምን አየሽ? የእጄን መሮጥ ነው ያየሽው። መነጽርሽን አውልቀሽ «ተባረኪ» አልሽኝና ወደ ጓዳ ገባሽ። ያ «ተባረኪ» አዳማ እስክደርስ ከጆሮዬ አልወጣም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ በስልክ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ «ያን የመገልበጡን ነገር እንደገና ብትነግሪኝ» ስትዪኝ አንጀቴን በላሽው። ልጇን ልትጠይቅ የምታፍር እናት ያደረግሁሽ እኔ ነኝ።

ትዝ ይልሽ እንደሆነ፣ ልጅ ሳለሁ ከትምህርት ቤት ስወጣ ጸሐፊ ሆነሽ ወደምትሠሪበት ቢሮ እመጣ ነበር። ከጽሕፈት መኪናሽ፣ ከታይፕሽ አጠገብ ወንበር ትሰጪኛለሽ። ወረቀት ማዘጋጀት የኔ ሥራ ነበር፦ ነጩ ወረቀት ከላይ፣ ግልባጭ የሚያወጣው ካርቦን መሃል፣ ስሱ ወረቀት ከታች። አንድ ቀን ካርቦኑን ገልብጬ አስቀመጥኩት። አንቺ ሙሉ ገጽ መታሽ። ስታወጪው ግልባጩ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ጽሑፉ በዋናው ወረቀት ጀርባ ላይ ዞሮ ታትሟል። አልተቆጣሽም። ጣቴን ይዘሽ የካርቦኑን ሁለት ፊት አስዳሰስሽኝ። «የሚያብረቀርቀው ወደ ታች» አልሽኝ። ከዚያ ሦስት ጊዜ ራሴ እንዳዘጋጅ አደረግሽኝ። አንድ ጊዜም እጅሽን አላስገባሽም። ዛሬም ካርቦን ቢሰጡኝ አልሳሳትም።

እኔም እንደዚያ ነበር ማድረግ የነበረብኝ። አሁን ልሞክር።

ኮፒ የሚለውን ቃል ለጊዜው ተዪው። እኛ «መቅዳት» እንላለን አይደል? ውኃ ይቀዳል፣ ጠላ ይቀዳል፣ ካሴት ይቀዳል፣ ጽሑፍም ይቀዳል። ላፕቶፑ ውስጥ የማትታይ አንዲት ጣሳ አለች በዪ። ከአንዱ ቦታ በጣሳዋ ትቀጃለሽ፣ ሌላ ቦታ ወስደሽ ትገለብጪያለሽ። ነገሩ ይኸው ነው። የቀዳሽበት ወንዝ አይጎድልም፤ ዋናው ጽሑፍ እንዳለ ይቀመጣል።

ላፕቶፑ ግን የቱን እንደምትቀጂ አያውቅም። ቀድመሽ ማሳየት አለብሽ። ማውዙን ተጭኖ መጎተት እንደሚያስቸግርሽ አይቻለሁ፤ መጨረሻው ላይ ስትደርሺ ጣትሽ ይለቃል፣ ሁሉም ይጠፋል። ስለዚህ አትጎትቺ። ከመጀመሪያው ቃል ፊት አንዴ ጠቅ አድርጊ። ማውዙን ልቀቂው፣ እጅሽን አሳርፊ። ቀጥሎ በግራ እጅሽ ሺፍትን ተጭነሽ ያዢ። ሺፍትን መቼም ለአንቺ አልነግርሽም፣ ታይፕሽ ላይም ነበር። እሱን እንደያዝሽ ከመጨረሻው ቃል ኋላ ጠቅ አድርጊ። መሃል ያለው ሁሉ ጥላ ይለብሳል። ጥላ የለበሰው ነው የሚቀዳው። ገጹን በሙሉ ከፈለግሽ ደግሞ ኮንትሮልን (Ctrl) ይዘሽ ኤ (A) የምትለዋን ፊደል ምቺ።

አሁን ኮንትሮልን ይዘሽ ሲ (C) የምትለዋን አንዴ ምቺ።

እዚህ ላይ ቆም በዪ። ምንም አይታይም። ድምፅ የለም፣ ደወል የለም፣ ወረቀቱ አይንቀሳቀስም። ያኔ ግራ የተጋባሽው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ታይፕ እኮ ሲመታ ይሰማል፤ እጅሽ 30 ዓመት ሙሉ መልስ ለምዷል። ይኼ ግን ዝም ነው የሚለው። እመኚኝ፣ ጣሳዋ ሞልታለች። ደጋግመሽ መምታት አያስፈልግም።

ከዚያ የምትለጥፊበት ቦታ ሂጂና አንዴ ጠቅ አድርጊ። ብልጭ ድርግም የምትል ቀጭን መስመር ታያለሽ፤ ጽሑፉ የሚያርፈው እሷ ያለችበት ነው። ኮንትሮልን ይዘሽ ቪ (V) የምትለዋን ምቺ። መጣ አይደል?

ኮንትሮልን እንደያዝሽ እንደገና ቪን ምቺ። እንደገናም መጣ። ይህቺ ጣሳ ብትገለብጪያትም አታልቅም። አንዴ ቀድተሽ 64 ጊዜ መለጠፍ ትችያለሽ። ግን አዲስ ነገር ከቀዳሽባት የፊተኛው ይደፋል። ላፕቶፑን ስታጠፊም ባዶ ትሆናለች። የፊተኛውም እንዲቆይልሽ ከፈለግሽ አራት መስኮት የተሳለባትን የዊንዶውስ ቁልፍ ይዘሽ ቪን ምቺ። መጀመሪያ ላይ ልክፈተው ወይ ብሎ ይጠይቅሻል፤ እሺ በዪው። ከዚያ ወዲያ የቀዳሻቸውን እስከ 25 ድረስ ደርድሮ ያሳይሻል። ይህን ግን ዛሬ አትንኪው። ሲና ቪ እጅሽ ውስጥ ሲገቡ ትደርሽበታለሽ።

ከደብዳቤው ጋር ትንሽ ቀይ የጥፍር ቀለም ልኬልሻለሁ። ኮንትሮል፣ ሲ እና ቪ ላይ ነጥብ ነጥብ አድርጊባቸው። ሲና ቪ ጎን ለጎን ናቸው፣ ታችኛው ረድፍ ላይ። በስተግራቸው ኤክስ (X) እና ዜድ (Z) አሉ። ኤክስ ከኮንትሮል ጋር ሲመታ ቆርጦ ያነሳል፤ ከነበረበት ይጠፋና ወደ ጣሳዋ ይገባል። ዜድ ደግሞ እንዲሁ ከኮንትሮል ጋር ሲመታ ያደረግሽውን ያስቀርልሻል። አንድ ፊደል በተሳሳትሽ ቁጥር ገጹን እንደ አዲስ ስትመቺ አይቻለሁ፣ ማታ ማታ ቢሮ ስታመሺም አስታውሳለሁ። ስለዚህ ጽሑፍ ድንገት ቢጠፋብሽ አትደንግጪ። ምንም ሳትነኪ ኮንትሮልን ይዘሽ ዜድን ምቺ። ይመለሳል።

አሁን ስለ እድሩ ደብዳቤ። ስም ያለበትን አትቅጂ። አንድ ዋና ደብዳቤ ጻፊና ስሙ በሚገባበት ቦታ ነጥብ ነጥብ ብቻ ተዪ፤ ሁልጊዜ ከእሱ ቅጂ። ይህን የምልሽ አንድ መሥሪያ ቤት ለሐዘንተኛ ቤተሰብ የላከውን የማጽናኛ ደብዳቤ ስላየሁ ነው። የሟቹ ስም የሌላ ሰው ነበር። ካለፈው ደብዳቤ ቀድተው ስሙን ሳይለውጡ ቀርተዋል። ቤተሰቡ ምን እንደተሰማው አስቢው። በእድር ላይ እንዲህ ያለ ስሕተት ቂም ነው የሚሆነው። ነጥብ ከሆነ ግን ሳትሞዪው ብትረሺ እንኳ የማንም ስም አይጠራም።

የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን ደግሞ በጭራሽ በእጅሽ አትጻፊ። 13 አሃዝ ነው፤ አንዱ ቢሳሳት ብሩ የት እንደሚገባ እንጃ። አንዴ በትክክል ጽፈሽ፣ ሁለት ሰው አይቶት፣ ከዚያ ወዲያ ቀድተሽ ለጥፊ።

«የድሮውን መተዳደሪያ ደንብ ቴሌግራም ላይ ስለጥፈው ምልክት ብቻ ሆነ፣ አበላሸሁት መሰለኝ» ያልሽኝን አልረሳሁም። አላበላሸሽም። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ደንቡ የተጻፈው በድሮ የአማርኛ ፕሮግራም ነው። እነዚያ ፕሮግራሞች በእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ ላይ የኛን ፊደል መልክ እያለበሱ ነበር የሚሠሩት። አንቺ ስትቀጂ የሚሄደው ውስጡ ያለው ቁጥር ነው፣ ልብሱ አይሄድም። ቴሌግራም ያን ልብስ ስለሌለው እርቃኑን ያሳየዋል። የኛ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ውስጥ የራሱን ቁጥር ያገኘው በፈረንጆች 1999 ነው። በዚያ መንገድ የተጻፈ አማርኛ የትም ቢለጠፍ አማርኛ ነው። አሁን ላፕቶፕሽ ላይ የጫንኩልሽም እንደዚያ ነው የሚጽፈው። የድሮውን ደንብ እስክመጣ ፒዲኤፍ፣ ማለት የፊደሉን መልክ ይዞ የሚሄድ ፋይል አድርገሽ ላኪው። ስመጣ አብረን እንቀይረዋለን።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፣ ደስ ስላለኝ። ይህን መቅዳትና መለጠፍ ዛሬ በምናውቀው መልኩ የሠራው ላሪ ቴስለር የሚባል አሜሪካዊ ነው። በፈረንጆች 1970ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዜሮክስ በሚባል ኩባንያ የምርምር ማዕከል ይሠራ ነበር። ያኔ የመጽሐፍ አርታኢዎች ወረቀቱን በመቀስ ቆርጠው በሙጫ ይለጥፉ ነበር፤ «ቁረጥ» እና «ለጥፍ» የሚለው ስም ከዚያ ነው የመጣው። ቴስለር ፕሮግራሙን ከመሥራቱ በፊት ምን አደረገ መሰለሽ? ገና ሥራ የጀመረች አንዲት ጸሐፊ ባዶ ስክሪን ፊት አስቀመጠ። «እዚህ ላይ ጽሑፍ አለ እንበል፤ እንዴት ብታርሚው ትወጃለሽ?» ብሎ ጠየቃት። እሷ በጣቷ እያሳየች ነገረችው። እሱም እየሰማ መዘገበ። በፈረንጆች 2020 በ74 ዓመቱ አረፈ።

ይህን ሳነብ አንቺን አሰብኩ። ይህ ነገር ከሙያሽ ውጪ የመጣ እንግዳ ነገር መስሎሽ ነበር፤ «እኛን አልፎናል» ብለሽኛል። እማዬ፣ ያቺ ሴት ያንቺ ሙያ ሰው ነች። የተሠራው እንዳንቺ ያለችው ተጠይቃ ነው። እሱ ጸሐፊዋን ቁጭ ብሎ ሰማት። እኔ ግን እጅሽን አነሳሁት።

ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ስልኩን ድምፁን ከፍተሽ ከላፕቶፑ አጠገብ አስቀምጪው። መነጽርሽን አድርጊ፣ ቡናሽንም አቅርቢ። ደብዳቤውን እያየሽ ሞክሪ። ስትጠይቂኝ እመልሳለሁ፤ ካልጠየቅሽኝ ዝም ብዬ ቁልፎቹን ስትመቺ እሰማለሁ። የፈለግሽውን ያህል ይፍጅ፣ ስልኩን አልዘጋም።

ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ጉልበትሽን በቅባት ማሸት አትርሺ።

ልጅሽ፣ ከአዳማ