ያጣመምነው ሆን ብለን ነው፦ የፎቶግራፍ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

«ልጆቹ ካሜራ ቀጥ አድርገው መያዝ አይችሉም እንዴ?» ዘንድሮ ይህን ጥያቄ በወላጆች ቀን ሰምቻለሁ፣ በመምህራን ማረፊያም ሰምቻለሁ። አንዴ በጽሑፍ ልመልሰውና ይለይልን። ይችላሉ። ያጣመሙት ሆን ብለው ነው።

መነሻችን ቶማስ ኬልነር የሚባል ጀርመናዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የፓሪሱን አይፍል ታወር በአንድ ፎቶ ከማንሳት ይልቅ ቁራጭ በቁራጭ አነሳው። ካሜራውንም እያዘነበለ ነበር የሚያነሳው። ፊልሙን ቆርጦ ረድፎቹን አንዱን ከሌላው ሥር ሲደረድራቸው ያ ሁሉ ብረት እስክስታ የሚወርድ መሰለ። ሥራውንም ማማውን ሰባብሮ ለሣለው ፈረንሳዊ ሠዓሊ ለሮበርት ደሎኔ ክብር አደረገው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ፊልም ላይ ፎቶው በተነሳበት ተራ ነው የሚቀመጠው። አንዱ ከተበላሸ ረድፉ አለቀለት። ስለዚህ ሁሉም ቀድሞ በወረቀት ይታቀዳል።

እኛ ፊልም የለንም። ያለን የተማሪዎች ሞባይልና አንድ ያረጀ ካሜራ ነው። ሕጉን ግን ወሰድን፦ መሰረዝ የለም፣ ድጋሚ ማንሳት የለም። የሳምንታዊ ስብሰባችንን ዝርዝር እዘለዋለሁ። ንድፍ ሣልን፣ ተከራከርን፣ የድሬዳዋውን ባቡር ጣቢያ፣ ለገሃርን፣ ደጋግመን አነሳን። ጣቢያው ፊት ለፊት ቦታ ስላለ ብዙም አልተቸገርንም።

ሐረር ስንሄድ ነው ነገሩ የተለወጠው። በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጀጎል ውስጥ፣ መንገዱ ጠባብ ነው። ቤቱን ሙሉ ላንሳ ብትሉ ወደ ኋላ የምትሸሹበት ቦታ የለም፤ ጀርባችሁ ከጎረቤት ግንብ ጋር ይጋጫል። ቁራጭ በቁራጭ ማንሳት እዚያ ፋሽን አይደለም፣ ሌላ መላ የለም። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1883 ካሜራ አስመጥቶ ሐረር ውስጥ ፎቶ እንዳነሳ ስነግራቸው ልጆቹ «ያኔስ እንዴት ቻለው?» አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ካስገነቡት ግንብ በሮች አንዱ ጋ፣ ኤረር በር ላይ፣ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ተራዋ ደረሰ። በክፍል ውስጥ ድምፅዋን የሰማሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ከታች ረድፍ ጀምራ እያነሳች ሳለ ሸክም የተሸከሙ እናት በበሩ ገቡ። ጓደኞቿ «ጠብቂ፣ ይለፉ!» ብለው ጮሁ። እሷ ግን አልጠበቀችም። እናትየዋ በተራመዱ ቁጥር አነሳች። ሲደረደር እኚሁ ሴት አንዴ በሩ ሥር፣ አንዴ መሃል፣ አንዴ ዳር ላይ ቆመዋል። ልጆቹ ተበላሸ አሉ። «ቲቸር፣ በሩ እኮ የሚገባበት ነው፤ ባዶውን ምን ያደርግልናል?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

እናትየዋ ግርግሩን አይተው ተመለሱ። ልጅቷ በኦሮምኛ አስረዳቻቸውና ስክሪኑን አሳየቻቸው። ሸክማቸውን አውርደው በጣታቸው ራሳቸውን እየፈለጉ ቆጠሩ፣ ከዚያ ከት ብለው ሳቁ። ፎቶው እንዲታይ ፈቀዱልን። እኔ በሥዕል መጽሐፍ ካስተማርኩት ሁሉ ያች ልጅ በዚያች ቅጽበት ያሳየችኝ ይበልጣል።

የከሸፈብንም አለ። በወላጆች ቀን የሰቀልነውን ፎቶ የድሬ ሙቀት ፕላስተሩን አላልቶ ግማሹን መሬት አወረደው። የቀለም ኅትመት ስለተወደደብን አብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነው፤ የኤረር በሩን ብቻ ልጆቹ ከኪሳቸው አዋጥተው በቀለም አሳተሙት። ኳስ ክበቡ አዲስ ማልያ ሲለብስ አጨብጭበናል፣ ይገባዋል። ለእኛም ግን አንድ የቀለም ማተሚያ ማሽን ይገባናል።

ማገዝ የሚፈልግ ወላጅ ወይም የቀድሞ ተማሪ ቢሮዬ ይምጣ። የማይሠራባችሁ ካሜራ ካለም ጣሉት አትበሉ፣ አምጡልን። በቀጣዩ ዓመት የሐረሩን የልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ መኪና ግርግርን፣ ልናነሳ አስበናል። እዚያ ደግሞ የሚንቀሳቀሰው ሰው ብቻ አይደለም፣ የልብስ ስፌት መኪናውም አለ። የእቅድ ወረቀቱን ከአሁኑ ጀምረናል።