ስለ ጥንታዊት ግብፅ ስትጽፉ የቆሻሻ ክምሩን አትርሱ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ጥንታዊት ግብፅ በአማርኛ የሚወጡ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ ከሁለት ነገር አያልፉም፤ አንዱ የቱታንካሙን ወርቅ፣ ሌላው ፒራሚዱን እየተገረፉ የገነቡ ባሮች። ወርቁ እውነት ነው። የባሮቹ ታሪክ ግን ቁፋሮው ካወጣው ጋር አይገጥምም፤ ይህ ከታወቀ ሠላሳ ዓመት አልፎት እያለ ዛሬም እንደወረደ መታተሙ ያሳዝናል። ሕዝቡ እንዴት ይኖር እንደነበር የሚመሰክሩት ምድጃው፣ አመዱና የተጣለው አጥንት ናቸውና ስለ እነሱ ጥቂት እንበል።

ጊዛ ላይ፣ ከስፊንክስ በስተደቡብ 400 ሜትር ገደማ ርቆ፣ ሄይት ኤል-ጉራብ የሚባል ቦታ አለ። አርኪዮሎጂስቱ ማርክ ሌነርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲቆፍሩት የወጣው ንጉሥ ካፍሬና ንጉሥ መንካውሬ ፒራሚዶቻቸውን ባሠሩበት ዘመን፣ ማለትም ከ4,500 ዓመት ገደማ በፊት፣ የነበረ የሠራተኞች ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ሁለት ዳቦ መጋገሪያ ክፍሎች ተገኙ፤ የእያንዳንዳቸው ርዝመት ከ5 ሜትር ጥቂት ይበልጣል፣ ስፋታቸው 2.5 ሜትር ገደማ ነው፣ አመድ ሞልቶባቸዋል። አጋገሩ ከነዕቃው ይነበባል። ደወል የመሰሉ ወፍራም የሸክላ ቅርጾች እሳት ላይ ተደራርበው ይግላሉ። ከዚያ ወለሉ ላይ በረድፍ በተቆፈሩ ጉድጓዶች፣ ፍም ውስጥ ይተከላሉ፤ ሊጥ ይጨመርባቸዋል፤ ሌላ የጋለ ሸክላ ይደፋባቸዋል። እህሉ ገብስና ኤመር የሚባለው ቅርፊታም ስንዴ ነበር፤ ይህ ስንዴ እኛ አገር ባሌ ውስጥ ዛሬም ይዘራል። እንዲህ ያለ ሊጥ ብዙ ስለማይነፋ ሸክላው በደንብ ካልጋለ የዳቦው መሀል ጥሬ ሆኖ ይቀራል። በዚያ ጠባብ ክፍል፣ በዚያ ጭስ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የዋለው ጋጋሪ ድንጋይ ከሚጎትተው ያነሰ አልደከመም።

አጥንቱ ደግሞ ከዳቦው የበለጠ ይናገራል። የእንስሳ ዕድሜ ከጥርሱና ከአጥንቱ ጫፍ መገጣጠም ይታወቃል፤ ጾታው ከዳሌው። ሄይት ኤል-ጉራብ ላይ የተገኙት ከብቶች አብዛኞቹ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ወይፈኖች ናቸው። አርቢ ላሞቹን ለወተትና ለርቢ ስለሚያስቀር፣ ወንዶቹ ብቻ የበዙበት ቦታ እርባታው ሌላ ጋ መሆኑን ያሳያል። በናይል ዴልታ፣ ኮም ኤል-ሂስን በሚባል ቦታ የተገኘው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ የከብት ፋንድያ ምልክት ሞልቶ የከብት አጥንት ግን ጥቂት ነው። ከብቱ እዚያ ረብቶ ወደ ሌላ ቦታ ይነዳ ነበር ማለት ነው። ከከሰለና ከተሰበረ ነገር ተነስቶ አንድ መንግሥት ሠራተኛውን እንዴት ይቀልብ እንደነበር እስከ ማወቅ የሚደረሰው እንዲህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990 የፈረስ እግር አንድ የጭቃ ጡብ ግንብ ላይ ተሰናከለና የሠራተኞቹ መቃብር ተገኘ፤ ቁፋሮውን የመሩት ግብፃዊው አርኪዮሎጂስት ዛሂ ሃዋስ ናቸው። አጽሞቹ በሸክም የተጎዳ ጀርባና የአንጓ ሕመም ይታይባቸዋል፤ ተሰብረው በወጌሻ በትክክል የተጠገኑ ክንዶችም አሉ። የጥንቱ ግሪካዊ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ፒራሚዱን የሠራው 100,000 ሰው ነው ይላል፤ ዛሬ የሚጠቀሰው ብዙውን ጊዜ ከ20,000 እስከ 30,000 ነው። ባሮች አልነበሩም ሲባል ግን ሁሉም ወደው መጡ ማለት አይደለም። መንግሥት በተራ ይጠራ ነበር፤ የተጠራም ይሄዳል።

ይህ ሁሉ የሚገኘው በጥንቃቄ ሲቆፈር ብቻ ነው። ቦታው ጎናቸው 5 ሜትር በሆነ ካሬዎች ይከፈላል። መጨረሻ የተደፋው አፈር መጀመሪያ ይነሳል፤ ቀለሙ ወይም ልስላሴው በተለወጠ ቁጥር አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ይሣላል፣ በወንፊት ይነፋል። ናሙናው በርሜል ውኃ ውስጥ ሲጨመር የከሰለው ዘር ይንሳፈፋል፣ አጥንትና ጠጠሩ ይዘቅጣል። የተንሳፈፈው ጥላ ውስጥ መድረቅ አለበት፤ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ይሰነጣጠቃል። ከሁሉ በቀላሉ የሚጠፋው የጭቃ ማኅተም ነው። ዕቃ ወይም በር ሲታሸግ ገመዱ ላይ ይለጠፍና ሲከፈት ተሰብሮ ይጣላል፤ ስብርባሪው የንጉሡን ስምና የሹሙን ማዕረግ ስለሚይዝ ንብርብሩን ከዘመኑ ጋር ያያይዘዋል። ለዓይን ግን ተራ ጓል ይመስላል። የድሮ ቆፋሪዎች ሐውልትና ወርቅ ፍለጋ ሲጣደፉ ስንቱን ከአፈሩ ጋር እንደደፉት ማንም አያውቅም።

ከጊዛ 1,000 ዓመት ተሻግረን ሉክሶር ስንደርስ፣ ከናይል ማዶ፣ ዴር ኤል-መዲና አለ። የነገሥታቱን መቃብር የሚፈለፍሉና የሚሥሉ ሰዎች መንደር ነው፤ በቅጥሩ ውስጥ 70 ያህል ቤቶች ነበሩ። ፈረንሳዊው በርናር ብሩዬር እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ ቆፍሮታል። ከመንደሩ አጠገብ ካለው፣ ጥልቀቱ ከ50 ሜትር ከሚበልጠውና ቆሻሻ ከሞላበት ጉድጓድ በሺህ የሚቆጠር የተጻፈበት የድንጋይ ስንጥርና ገል ወጣ። ደመወዛቸው እህል ነበር። ተራው ሠራተኛ በወር አራት ኻር ኤመር ለዳቦ፣ አንድ ተኩል ኻር ገብስ ለጠላ ያገኛል፤ ኻር 77 ሊትር ገደማ ነው። አሁን ለንደን ያለው አንድ የኖራ ድንጋይ በንጉሥ 2ኛው ራምሴስ 40ኛ የንግሥና ዓመት የተጻፈ፣ ከሥራ የቀሩ ሰዎች መዝገብ ነው። 40 ስሞች ይዟል፤ ቀኑ በጥቁር፣ ምክንያቱ ከላዩ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ሰባ የተባለውን ሠራተኛ ጊንጥ ነድፎታል፤ ሌላው ዓይኑን አሞታል፤ ሌላው ጠላ ይጠምቃል፤ ሌላው የእናቱን አስከሬን ይገንዛል። ከዚያ በኋላ፣ በ3ኛው ራምሴስ 29ኛ የንግሥና ዓመት፣ እህሉ ሲዘገይባቸው ሥራ አቁመው ቤተ መቅደስ ጥግ ተቀመጡ። ልብስ፣ ዘይት፣ ዓሣና አትክልት እንደሌላቸው፣ ያመጣቸውም ረሃብና ጥማት እንደሆነ የተናገሩት በፓፒረስ ተጽፎ ጣሊያን፣ ቱሪን ይገኛል። ናውናክት የተባለች የዚያው መንደር ሴትም ስምንት ልጆች አሳድጋ ጎጆ ካስወጣች በኋላ፣ በእርጅናዋ ያልጦሯትን በመንደሩ ሸንጎ ፊት ከውርሷ ነቅላለች።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቅ ግድ ነው። ዴር ኤል-መዲና የተረፈው ደረቅ ሸለቆ ውስጥ ስላለ ነው፤ የመጠጥ ውኃ እንኳ በአህያ ይመጣለት ነበር። ነዋሪዎቹም ብዙዎቹ ማንበብ የሚችሉ የመንግሥት ባለሙያዎች ናቸው። የአብዛኛው ገበሬ መንደር ናይል ዳር፣ ከደለልና ዛሬ ሰው ከሚኖርባቸው ቤቶች ሥር ተቀብሯል፤ የጭቃ ጡቡን ደግሞ ገበሬዎች ለማዳበሪያ እየዛቁ ወስደውታል። ስለዚህ «ግብፃውያን እንዲህ ይኖሩ ነበር» ብላችሁ ስትጽፉ የትኛው ቦታ፣ የትኛው ዘመን፣ የማን ቤት እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ።

ግብፃውያን በቀይ ባሕር በኩል ለንግድ ይሄዱባት ስለነበረችው አገር፣ ስለ ፑንት በምትጽፉበት ጊዜም ከዋዲ ጋዋሲስ ብትጀምሩ መልካም ነው። ቀደም ሲል አክሱም ላይ የቆፈሩት ሮዶልፎ ፋቶቪችና ካትሪን ባርድ በዚህ የግብፅ ቀይ ባሕር ወደብ ዋሻዎች ውስጥና ደጃፍ ላይ የተጠቀለለ የመርከብ ገመድ፣ ነቀዝ መሰል የባሕር ትል የበሳው የዝግባ ጣውላና ከ40 በላይ የጭነት ሣጥኖች አግኝተዋል። የፑንት ስም ከሣጥኖቹ ላይ ተነብቧል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣው አንባቢዎች