ጉዳዩ፦ በሚውዘንበርግ የባሕር ዳርቻ ስለተፈጸመ የጥንቃቄ ጉድለት ቅሬታ ስለማቅረብ

ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአስጎብኚ ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ባለፈው ታኅሣሥ ከባለቤቴና ከ15 ዓመት ልጄ ጋር በድርጅታችሁ አማካይነት ወደ ኬፕ ታውን ተጉዘን ነበር። ልጄ ከሁሉ አስበልጣ ትጠብቀው የነበረው ከከተማዋ በስተደቡብ፣ በፎልስ ቤይ ዳርቻ በምትገኘው ሚውዘንበርግ ይሰጣል የተባለውን የሰርፊንግ (በሰሌዳ ላይ ሆኖ ማዕበል የመጋለብ) ትምህርት ሲሆን፣ በውላችን ላይም «ከአሰልጣኝ ጋር» ተብሎ ሰፍሯል።

ቦታውን አልነቅፍም። አሸዋው ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ የሚያዘቀዝቅ በመሆኑ ማዕበሉ ገራም ነው፤ ለጀማሪዎች የሚመረጠውም ለዚሁ ነው። ነገር ግን በዚያ ባሕር ሻርክ እንዳለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮም ከተራራው ላይ ሆነው ውሃውን የሚቃኙ ሠራተኞች በባንዲራ እንደሚያስጠነቅቁ ከእናንተ ወገን የነገረን የለም። አረንጓዴው ባንዲራ ውሃው ጠርቶ እንደሚታይና ሻርክ እንዳልታየ፣ ጥቁሩ ውሃው ደፍርሶ ለማየት እንደሚያዳግት፣ ቀዩ ከፍተኛ ጥንቃቄ እንደሚያሻ ያመለክታል፤ የሻርክ ምስል ያለበት ነጭ ባንዲራ ተሰቅሎ ሳይረን ሲጮኽ ግን ሁሉም ወዲያውኑ ከውሃው መውጣት አለበት። ይህን የተረዳሁት ከሆነው ሁሉ በኋላ፣ ዳርቻው ላይ ከቆመው ማስታወቂያ አንብቤ ነው።

የመደባችሁልን አስጎብኚ የሰርፍ ሰሌዳ ተከራይቶ ለልጄ ከሰጠ በኋላ፣ «ዳር ዳሩን ትለማመድ» ብሎ ወደ መኪናው ተመለሰ። አሰልጣኝ አልነበረም። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደቆየች ሳይረኑ ጮኸ፤ ሰው ሁሉ ሰሌዳውን አቅፎ ወደ ዳር ሲሮጥ ልጄ ግን የሌሎቹ ሰዓት ያለቀ መስሏት፣ ሰሌዳው ላይ በደረቷ እንደተኛች እጇን ታውለበልብልን ነበር። እናቷ ከነልብሷ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ገብታ፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ እየጮኸች ጠራቻት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በደህና ወጥታለች። አስጎብኚው የደረሰው ልጅቷ በፎጣ ተጠቅልላ እየተንቀጠቀጠች ከተቀመጠች በኋላ ነው፤ ስለ ባንዲራዎቹ ስጠይቀውም እርሱም እንደማያውቅ ነገረኝ። ከማርፈዱ ይልቅ ያስደነገጠኝ ይህ መልሱ ነው፤ ሰውን ወደ ባሕር የሚወስድ ድርጅት የባሕሩን ምልክት የማያውቅ ሰው ሊመድብ አይገባምና።

ስለዚህ ላልተሰጠው ትምህርት የከፈልኩት ገንዘብ እንዲመለስልኝ፣ አሰልጣኙ ያልተገኘበት ምክንያት በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ፣ ወደ ሚውዘንበርግ ለምትወስዷቸው ደንበኞችም የባንዲራዎቹ ትርጉም ገና ከአዲስ አበባ ሳይነሡ በአማርኛ ተጽፎ እንዲሰጣቸው እጠይቃለሁ። በ15 ቀናት ውስጥ መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

የውሉና የደረሰኙ ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ