መኪናው የሚገባበትን መንገድ መልሱልን

ይድረስ ለተከበሩ ኃላፊ፣
ጅማ

ስምዎንም የመሥሪያ ቤትዎንም ስም አልጠራም። ሦስት ማመልከቻ አስገብቻለሁ። የመጀመሪያውን ኅዳር ላይ፣ የሰፈራችንን መግቢያ መንገድ የዘጋው የግንብ አጥር ሲጀመር ነው የጻፍኩት። እሳቱ ገና አልመጣም ነበር። «ባለሙያ ወጥቶ ያየዋል» ተባልኩ። ማንም አልወጣም።

የካቲት ላይ እሳቱ መጣ። ጅሬን በኩል፣ ከሰፈራችን በታች ካለው ማሳ ነው የተነሣው። ሰው ማሳውን ሊያጸዳ ለኮሰ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገባ። ቅጠሉ ዘይት አለው። የተላጠው ቅርፊት እየነደደ በነፋስ ይበራል። እሳት ደግሞ ዳገት ሲያገኝ ይፈጥናል፤ እኛ ያለነው ዳገቱ ላይ ነው። አንዱ ፍም ጎረቤታችን እትዬ ሸራ ላይ ባሰጡት ጀንፈል ላይ አረፈ። የዓመት ቡናቸው ነው። ሲጮሁ ነው ከየቤታችን የወጣነው።

የእሳት አደጋ መኪናው አልዘገየም። ልጆቹን አመሰግናለሁ። ግን መታጠፊያው ላይ ያ የግንብ አጥር ቆሟል። ሹፌሩ ወርዶ አጥሩን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤ ወደ እኛ ዞሮ ራሱን ነቀነቀ። ቱቦው ከዚያ አይደርስም። በጄሪካን ውሃ፣ በአፈር፣ በእርጥብ የኮባ ቅጠል ስንደበድበው አመሸን። ቤት ተረፈ። የእትዬ ቡና አለቀ።

ያ ቦታ ፕላኑ ላይ መንገድ ነው! ቦታችንን ስንረከብ በጣት እያመለከቱ አሳይተውናል። ለቤት መሥሪያ የተሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። የፈረመው ማን እንደሆነ ያውቃሉ።

በመጨረሻ ቢሮዎ ስገባ «ጅማ እኮ ዝናባማ ናት» አሉኝ። ባሌስ ደን አይደለም? በ1992 ባሌና ቦረና ሲነድ ስንት ሰው ተረባረበ፤ የዝናብ እርዳታም አስፈልጎታል። በ2011 ሰሜን ተራሮች ሲቃጠል ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ባለሙያ መጣ። እኛ ያለን አንድ መኪና ነው። እሱም አይገባም።

አሁን ክረምት ነው፤ ሁሉም ነገር ረጥቧል። ታኅሣሥ ሲገባ ግን ባሕር ዛፉ ሥር ያለው ቅጠል እንደገና ይደርቃል። በዚህ ሳምንት ደግሞ ከአጥሩ ጎን ሌላ መሠረት ተቆፍሯል። እባክዎ ግንቡ ሳይጀመር ያስቁሙት። ነገ ጠዋት ይምጡ፤ ሜትር ይዤ መታጠፊያው ላይ እጠብቅዎታለሁ።