ለትራክ ነጂው አብሮ አደጌ፦ ስለ ስኳርህና ስለ መንገድ ዳር ምግብ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ለምወድህና ለማከብርህ አብሮ አደጌ፤

እንደምን ሰንብተሃል? እኔና ቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የእናትህን ተዝካር ካወጣን ወዲህ በመካከላችን ደብዳቤ ቀርቶ የስልክ ድምፅ እንኳ እንዳልተሰማ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ይህን የምጽፍልህ ግን ዝምታው በማን እንደ ጀመረ ለመመርመር አይደለም። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እህትህ አግኝታኝ፣ ኤ ዋን ሲ የሚባለው የሦስት ወር የስኳር ምርመራህ 9.5 እንደ ሆነ፣ ሜትፎርሚንና ግሊፒዛይድ የሚባሉ የስኳር መድኃኒቶች እንደ ታዘዙልህ፣ አንተ ግን «ኑሮዬ ትራክ ውስጥ ነው፤ ምግቤም መንገድ ዳር ያገኘሁት ነው፤ አመጋገብህን አስተካክል የሚለኝ ሰው የእኔን ኑሮ አያውቅም» ብለህ ነገሩን እንደ ተውኸው ነገረችኝ። ስለ ኑሮህ የተናገርኸው እውነት ነው፤ ከዚያ ተነሥተህ የደረስህበት ግን ልክ አይመስለኝም።

እኔም ስኳር እንዳለብኝ ያወቅሁት ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ስነዳ እንደ ነበር ታስታውሳለህ። ምሳዬን በመኪና መስኮት ተቀብዬ ጭኔ ላይ ዘርግቼ እየበላሁ ብዙ ዓመት ስለ ሠራሁ፣ «ቤትህ አብስለህ ብላ» የሚለው ምክር ለነጂ ሰው ምን ያህል ከሜዳ የራቀ እንደሆነ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ፋስት ፉድ ተው አልልህም። ለጤና ተስማሚ ነውም አልልህም፤ ቢግ ማክ የሚባለው የማክዶናልድስ በርገር አንዱ ብቻውን 1000 ሚሊግራም ያህል ሶዲየም ይይዛል፤ ለአዋቂ ሰው ደግሞ ለቀኑ ሙሉ የሚመከረው ከ2300 እንዳይበልጥ ነውና ደም ግፊትም ካለብህ ጨውን ማሰብህ አይቀርም። ነገር ግን ስኳርን ብቻ ለይተን ከተነጋገርን፣ ሰው ሁሉ የሚፈራው የመንገድ ዳር ምግብ ከማኅበርና ከሠርግ ማዕድ ይልቅ ለቁጥጥር ይመቻል ብዬ አምናለሁ። ማኅበር ላይ የሚቀርብልህን እንጀራ ለክቶ የሚያውቅ የለም፤ «በሞቴ» እየተባለ የሚጨመርልህን ጉርሻማ ተወው። የሰንሰለት ምግብ ቤት ሳንድዊች ግን ዳላስ ብትበላው ዴንቨር ያው ነው። አንድ ጊዜ ስኳርህን ወዴት እንደሚያደርሰው ከለካህ፣ በሚቀጥለውም ወር፣ በሚቀጥለውም ከተማ ታውቀዋለህ። ከእ.ኤ.አ. ግንቦት 2018 ጀምሮ ደግሞ 20 እና ከዚያ በላይ ቅርንጫፍ ያላቸው ምግብ ቤቶች የእያንዳንዱን ምግብ ካሎሪ ምናሌው ላይ እንዲጽፉ፣ የካርቦሃይድሬቱንና የሶዲየሙንም መጠን ለሚጠይቅ ሁሉ በጽሑፍ እንዲያቀርቡ የአሜሪካ ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ አንተም ስልክህ ላይ ከድረ ገጻቸው ልታነበው ትችላለህ።

የምታነበው የካሎሪውን ቁጥር ሳይሆን የካርቦሃይድሬቱን ይሁን፤ ከምግብ በኋላ ስኳርን ከሁሉ በላይ ከፍ የሚያደርገው እርሱ ነውና። አንድ ቢግ ማክ ከመካከለኛ ድንች ጥብስና ከመካከለኛ ኮካ ጋር ብታዝ፣ ሳንድዊቹ ወደ 45 ግራም፣ ድንቹ ከ40 ግራም በላይ፣ ኮካው ደግሞ ከ50 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት ስላላቸው ድምሩ 140 ግራም አካባቢ ይደርሳል። ብዙ የምግብ ባለሙያዎች ለአንድ ማዕድ ከ45 እስከ 60 ግራም ብለው ነው የሚጀምሩት፤ ለአንተ የሚስማማውን ልክ ሐኪምህ ይንገርህ እንጂ 140 ግራም ለማናችንም ብዙ ነው። አሁን ልብ በልልኝ፦ ከሦስቱ አንዱን ብቻ፣ ኮካውን በውኃ ወይም ስኳር በሌለው ለስላሳ ብትለውጠው፣ ከሸክሙ ከሢሶ በላይ ይወርዳል። ድንቹንም ብትተወው ሳንድዊቹ ብቻውን ከልኩ አይወጣም። ሥጋው ካርቦሃይድሬት የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሰው «በርገር ገደለኝ» ሲል እሰማለሁ እንጂ፣ እኔ ጥፋተኛ የምለው በአንድ ዋጋ አብሮ የሚሸጠውን የድንችና የለስላሳ ጥምር ነው። አንድ ዶላር ጨምረህ ትልቁን ውሰድ ሲሉህ ደግሞ የሚያተልቁልህ ሥጋውን ሳይሆን ድንቹንና ኮካውን ነው።

ስለ መጠጥ ሌላም ልጨምር። በአንተ በቴክሳስና በደቡብ ግዛቶች ሻይ ብለህ ካዘዝህ ብዙ ጊዜ የሚመጣልህ ስኳር የተሟሟበት ቀዝቃዛ ሻይ ስለሆነ «አንስዊትንድ»፣ ማለትም ስኳር የሌለበት፣ ብለህ መለየት ይኖርብሃል። የብርቱካን ጭማቂም ጤናማ ተብሎ ይጠጣ እንጂ ለስኳርህ ከኮካ እምብዛም አይሻልም። ጥቁር ቡና ግን እንደ ልብህ ጠጣ።

ትራክ ማቆሚያዎቹ ውስጥ በብዛት የምታገኘው የሰብዌይ ሳንድዊች ቤት ስድስት ኢንች ዳቦ ብቻውን 40 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው፤ ረጅሙን ስታዝ እጥፍ ይሆናል። ያንኑ ሥጋና አትክልት ያለ ዳቦ፣ በሰላጣ መልክ ብትጠይቃቸው ይሠሩልሃል። ዌንዲስ ከሆንህ አነስተኛው ቺሊ ባቄላና ሥጋ ስላለው 20 ግራም አካባቢ ይዞ ያጠግብሃል። የዶሮ ቁርጥራጭ ስትበላ ማጥቀሻውን አስተውል፤ ስድስት ቁራጭ ናጌት 15 ግራም ያህል ሲኖረው፣ አንዷ ትንሽ የባርቤኪው ማጥቀሻ ብቻዋን ወደ 11 ግራም ትጨምርበታለች።

ረቡዕና ዓርብ እንደምትጾም፣ ዐቢይ ጾምንም እንደማታፈርስ ስለማውቅ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ሐበሻ ነጂ ከሁሉ ይልቅ የሚቸገረው በጾም ቀን ነውና። ሥጋውና አይቡ ሲወጣ የሚቀረው ዳቦ፣ ድንችና ለስላሳ ነው፤ ሦስቱም ስኳር ናቸው። ከዚህም በላይ፣ ብዙ ጾመኞች ተማምነው የሚበሉት የማክዶናልድስ ድንች ጥብስ በአሜሪካ የሚዘጋጀው ከወተት የተገኘ ነገር ባለበት የበሬ ሥጋ ማጣፈጫ ነው፤ ኩባንያው ራሱ በግብዓት ዝርዝሩ ላይ ይጽፈዋል። ጾምም አልሆነ፣ ስኳርም አልተቈጣጠርህ። ለእኔ የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት ቺፖትሌ የሚባለው የሜክሲኮ ዓይነት ምግብ ቤት ነው፤ ቡሪቶ ካዘዝህ ቂጣው ብቻ 50 ግራም፣ ሩዙ 40 ግራም ካርቦሃይድሬት ይዞ ይመጣል፤ በሳሕን አድርጉልኝ ብለህ ሩዙን አስቀርተህ ጥቁር ባቄላ፣ ከአኩሪ አተር (ከቶፉ) የሚሠራውን ሶፍሪታስ፣ የተጠበሰ ቃሪያና ሽንኩርት፣ ሰላጣና አቮካዶ ብታስጨምር ግን ጾሙም ይጠበቃል፣ ሆድም ይሞላል። ባቄላው 22 ግራም ያህል አለው፤ ነገር ግን አሰር (ፋይበር) ስላለው ስኳርህን እንደ ሩዝ ቶሎ አያወጣውም። አቮካዶው ተጨማሪ ያስከፍላል፤ ይሁን።

በዚሁ በጾም ነገር የማልደብቅህ ሥጋት አለኝ። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የማውረድ ጠባዩ አነስተኛ ነው፤ ግሊፒዛይድ ግን ምግብ በላህም አልበላህም ኢንሱሊን ያስወጣልና ያወርደዋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምስ ለመቆየት አስበህ ጠዋት እርሱን ውጠህ ሠላሳ ስድስት ቶን ይዘህ አውራ ጎዳና ላይ መውጣት ለአንተም ለሌላውም ሕይወት ያሰጋል። የመድኃኒቱን ሰዓት ሐኪምህ ያስተካክልልህ፤ ስለ ጾሙ ልክ ደግሞ የንስሐ አባትህን አማክር፤ ለታመመ ሰው የሚሉትን እኔም ሰምቼዋለሁ፣ ያጸናናል። እጅህ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲያልብህ ወይም ነገር ሲምታታብህ ትራኩን በሰላም አቁመህ ለካ፤ ከ70 በታች ከሆነ ግማሽ ኩባያ ጭማቂ ወይም ያንኑ ያህል መደበኛ ኮካ ጠጣ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለካ፤ ካልወጣ ድገመው፤ ሐኪምህ ለመንዳት ከፈቀደልህ ቁጥር በላይ ደርሰህ ራስህም እስኪረጋጋ ድረስ መሪ አትጨብጥ። ስኳር የሌለው ኮካ በዚህ ሰዓት ምንም አይረዳህምና አንድ መደበኛውን ከመቀመጫህ አጠገብ አስቀምጥ።

አበላል ላይ ደግሞ ወጪ የሌለው አንድ ዘዴ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ኒው ዮርክ የሚገኘው የዋይል ኮርኔል ሕክምና ኮሌጅ ተመራማሪዎች ሜትፎርሚን ለሚወስዱ 11 ሕመምተኞች ያንኑ ምግብ በተለያየ ቅደም ተከተል አብልተው ነበር፤ አትክልቱንና ዶሮውን አስቀድመው ዳቦውንና ጭማቂውን በመጨረሻ ሲወስዱ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ የነበረው ስኳራቸው ከተቃራኒው ቅደም ተከተል በ37 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ሰላጣውንና ሥጋውን አስቀድሞ ድንቹን ወደ ኋላ ማቆየት ምን ያስወጣሃል? እኛማ ድንቹን መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት የምንጨርስ ሰዎች ነን።

ፒዛ ላይ ብቻ ተጠንቀቅ። ስቡ የምግቡን መፈጨት ስለሚያዘገየው፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ለክተህ መልካም ቁጥር አይተህ ደስ ሲልህ፣ ከአራትና ከአምስት ሰዓት በኋላ ስኳሩ ወደ ላይ ይወጣል። ማታ በልተህ ትራኩ ውስጥ ከተኛህ ጠዋት ባዶ ሆድህን የምታየው ከፍታ ምናልባት የትናንቱ ፒዛ ነው።

ከስምንት ሰዓት መንዳት በኋላ ሕጉ የሚያስገድድህ የ30 ደቂቃ ዕረፍትም ለዚህ ይጠቅምሃል። ብዙውን ጊዜ ስልክ ላይ እንደምናጠፋው አውቃለሁ። እዚሁ ዋሽንግተን ያለው ጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው ጥናት፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ከእያንዳንዱ ማዕድ በኋላ 15 ደቂቃ መራመዳቸው፣ በተለይ ከእራት በኋላ የሚወጣውን ስኳር ዝቅ አድርጎላቸዋል። የትራክ ማቆሚያው ሜዳ ሰፊ ነው፤ ጎማህንም እያየህ ትዞረዋለህ።

ይህ ሁሉ ግን መለኪያው ካልተነካ ግምት ነው። እህትህ እንዳለችው መለኪያውን ከነማሸጊያው መሳቢያ ውስጥ የከተትኸው፣ ቁጥሩ ከተመዘገበ ለመንዳት ጤናህ ብቁ ነው የሚለውን የሕክምና ካርድ ይቀሙኛል ብለህ ፈርተህ ከሆነ፣ ሕጉን ልንገርህ። ቀድሞ ኢንሱሊን የሚወስድ ነጂ በክፍለ ሀገራት መካከል ለመንዳት ከፌዴራል መንግሥት የተለየ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። ከእ.ኤ.አ. ኅዳር 2018 ወዲህ ግን ይህ ቀርቶ፣ የሚያክመው ሐኪም ኤም ሲ ኤስ ኤ 5870 የተባለውን ቅጽ ከሞላለትና የሦስት ወር የስኳር መዝገቡን ካቀረበ፣ የነጂዎችን ጤና የሚመረምረው ባለሙያ እስከ 12 ወር የሚያገለግል ካርድ ሊሰጠው ይችላል። አንተ እኮ ገና ኢንሱሊን ላይ አልደረስህም። ካርድህን የሚያስቀጥልልህ መዝገቡ ነው፤ የሚያሳጣህስ ያልተለካ ስኳር የሚያመጣው የዓይንና የእግር ጉዳት ወይም መንገድ ላይ ራስን መሳት ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምንሃለሁ። ከመብላትህ በፊትና የመጀመሪያውን ጉርሻ ከጎረስህ ከሁለት ሰዓት በኋላ ለካ፤ ለብዙዎቻችን የሚፈለገው በፊት ከ80 እስከ 130፣ በኋላ ደግሞ ከ180 በታች ነው። ከቁጥሩ አጠገብ የበላኸውን በስሙ ጻፍ፤ «ቢግ ማክ ያለ ድንች፣ ውኃ» ብለህ። የዚህን ሳምንት ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ አብረን አይተን የትኛውን ትእዛዝ እንደምታስቀር፣ የትኛውን ደግሞ ያለ ሥጋት እንደምትደግም እንለያለን። የጫንኸው ሎድ ወደ ባልቲሞር የሚያመጣህ ከሆነም አስቀድመህ ደውልልኝ፤ ባለቤቴ ያለ ዳቦ የሚበላ ክትፎ ከጎመን ጋር ታዘጋጅልሃለች፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ግን ትለካለህ።

አክባሪህና ናፋቂህ፣
አብሮ አደግህ