ግልጽ ደብዳቤ፦ ቫይረሱ ልጄ 12 ዓመት እስኪሞላት አይጠብቅም

ለልዩ መድኃኒት ፈቃድ ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ልጄ ቴኖፎቪር የተባለውን የሄፓታይተስ ቢ መድኃኒት እንድታገኝ ካስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች ሁለቱ ያለ መልስ ቀርተው፣ ሦስተኛው «ታካሚዋ 12 ዓመት ስላልሞላት ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም» በሚል አንድ መስመር ስለተመለሰልኝ ነው። ከሥሩ ፊርማና ማኅተም አለ፤ ስለ ልጄ ጉበት ግን አንድም ቃል የለም።

ልጄ 11 ዓመቷ ነው። ጉበትን የሚያጠቃው ቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ የያዛት ስትወለድ፣ ከእኔ ነው። በወሊድ ጊዜ ቫይረሱ ከተላለፈባቸው ሕፃናት 90 በመቶ ያህሉ በሽታው ሥር እንደሚሰድባቸው ለእርስዎ መንገር አይገባኝም። የጉበት መጎዳትን የሚጠቁመው የጉበት ኢንዛይሟ ከፍ ብሎ በመቆየቱ በ7 ዓመቷ ላሚቩዲን የተባለው ቫይረሱን የሚገታ መድኃኒት ተጀመረላት፤ ያኔ የተሰጠን እሱ ብቻ ነበር። ሁለት ዓመት ያህል የቫይረሱ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ወርዶ ቆየ፤ ከዚያ መልሶ ወጣ፣ ኢንዛይሙም ተከተለው። ሐኪሟ መድኃኒቱን ታስተጓጉል እንደሆነ ደጋግሞ ሲጠይቀን ባዶ ብልቃጦቹን በፌስታል ሰብስቤ ወሰድኩለት። ቫይረሱ መድኃኒቱን መላመዱ፣ ማለትም መድኃኒቱ ከእንግዲህ እንደማይገታው፣ በምርመራ የተረጋገጠው ከዚያ በኋላ ነው። ላሚቩዲን ብቻውን ለዓመታት ሲወሰድ ይህ የሚጠበቅ ነገር ነው፤ በአዋቂዎች ላይ በተደረገ ክትትል በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ 70 በመቶ በሚጠጉት ላይ ታይቷል። ልጄ አላጠፋችም።

ሐኪሟ ቴኖፎቪር አዘዘላት፤ ላሚቩዲንን በተላመደ ቫይረስ ላይም ይሠራልና። የእርስዎ ክፍል ባለሙያ ግን በቃል «እስከዚያው ኢንቴካቪር ትውሰድ» ብለው ሌላ የሄፓታይተስ ቢ መድኃኒት ጠቀሱልኝ። ኢንቴካቪር ምንም መድኃኒት ላልጀመረ ልጅ ጥሩ ምርጫ ነው። ላሚቩዲንን የለመደ ቫይረስ ግን ኢንቴካቪርን ለመላመድ ግማሹን መንገድ ጨርሷል፦ እንዲህ ካሉ አዋቂ ታካሚዎች በአምስት ዓመት ውስጥ በግማሽ ያህሉ ላይ ቫይረሱ ኢንቴካቪርንም ሲላመድ፣ ከዚያ በፊት ሳይታከሙ በጀመሩት ላይ ግን ይህ ከ1 በመቶ ብዙም አያልፍም። ዕድሜዋን ሙሉ መድኃኒት ሊያስፈልጋት ለሚችል ልጅ ሁለተኛውን መድኃኒት እንዲህ እያወቁ ማባከን ምን ይባላል?

የ12 ዓመቱ ገደብ ቀድሞ ምክንያት ነበረው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2012 ቴኖፎቪርን ለሄፓታይተስ ቢ የፈቀደው ከ12 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች ነበር። ይኸው ተቆጣጣሪ በ2018 ገደቡን ወደ 2 ዓመት ዝቅ አድርጎ፣ ቢያንስ 10 ኪሎ ለሚመዝኑ ፈቅዷል። መጠኑም የሚለካው በክብደት ሲሆን 35 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነ ልጅ የአዋቂውን 300 ሚሊግራም ኪኒን ይወስዳል። ልጄ 37 ኪሎ ናት። ይህ ሁሉ ከማመልከቻው ጋር ተያይዞ ቀርቧል።

ባለፈው ቀጠሮ የፋርማሲዋ ባለሙያ ቁምሳጥኑን ከፍታ የቴኖፎቪሩን ብልቃጥ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችልን። «መድኃኒቱ አለ፤ ግን ለኤችአይቪ ሕክምና ተብሎ የተመዘገበ ነው፤ ከክፍሉ ፈቃድ ካልመጣ አንዲት ፍሬ መስጠት አልችልም» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ልጄ በጣቷ እየተከተለች «300 ሚሊግራም» ብላ አነበበችና ቀና ብላ አየችኝ። «የእኔ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። እኔ ዝም አልኩ። መልሱ ያለው እርስዎ ጋ ነው።

ስለዚህ ፋይሏ እንደገና ተከፍቶ በክብደቷና በምርመራ ውጤቷ እንዲወሰን እጠይቃለሁ። የኩላሊትና የአጥንት ክትትሉን ኃላፊነት ሐኪሟ በጽሑፍ ወስዷል፤ ከመጀመሩ በፊት የሚደረገው የኤችአይቪ ምርመራም ተሠርቶ ነጻ መሆኗ ታውቋል። አሁንም የሚከለከል ከሆነ፣ ምክንያቱ የሕፃናት ጉበት በሚያውቅ ሐኪም ተጽፎና ተፈርሞ ይሰጠኝ። ድንገት ሲቋረጥ ጉበቱ ሊቆጣ ስለሚችል፣ የማይሠራላትን ላሚቩዲን ዛሬም በየማታው እሰጣታለሁ።

12 ዓመት የሚሞላት ከሰባት ወር በኋላ ነው። የሚቀጥለው የደም ምርመራዋ ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ውጤቱን በዚያው ቀን በእጄ ይዤ ቢሮዎ እመጣለሁ።

የታካሚዋ እናት