ሎሚው ላይ መድኃኒት እንዳይረጭ፤ ለአባቴ የተጻፈ ደብዳቤ

መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሜሪላንድ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የእማዬስ ጉልበት እንዴት ሆነላት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። በቴሌግራም የላኳቸው ፎቶግራፎች ደርሰውኛል፤ አብሮ የመጣውንም ጥያቄ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በስልክ ስንነጋገር መስመሩ እየተቆራረጠ ነገሩን በወጉ ለማስረዳት ስላልተመቸኝ፣ ረጋ ብዬ በጽሑፍ ብመልስልዎ ይሻላል ብዬ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

የጠየቁኝ ሎሚውን እየበሉ ባሉት ትሎች ላይ መድኃኒት ይረጭ ወይስ አይረጭ ብለው ነበር፤ የጎረቤታችን ልጅም መርጫውን ይዞ ሊመጣ ቃል እንደገባልዎ ነግረውኛል። እባክዎ፣ ልጁን አመስግነው ይቆይ ይበሉት። ከፎቶግራፎቹ በአንዱ ላይ በቅጠሉ መካከል የወፍ ኩስ መስሎ የሚታየው ነገርና በሌላው ላይ ያለው ወፍራም አረንጓዴ ትል አንድ ዓይነት ፍጥረት ናቸው፤ የሚለዩት በዕድሜ ብቻ ነው። በመጨረሻ የላኩልኝ፣ እማዬን ሳይቀር ከጓዳ አስጠርተው ያሳዩአት ያቺ ጥቁርና ቢጫ ትልቅ ቢራቢሮ ደግሞ የእነዚሁ ትሎች ወላጅ ናት። ትሎቹ ከተረጨባቸው በሚቀጥሉት ሳምንታት እርሷን የመሰሉትን በግቢያችን የማየት ዕድልዎ በጣም ይቀንሳል።

ይህች ቢራቢሮ በሳይንሳዊ ስሟ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ ትባላለች። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በሰፊው የምትገኝ ስትሆን ክንፎቿ ሲዘረጉ 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሆናሉ። እንስቷ ሎሚ፣ ብርቱካን ወይም መንደሪን ፈልጋ ለጋ ቅጠል ላይ አረፍ ትልና በእግሮቿ ቀምሳ ተክሉ ለልጆቿ የሚስማማ መሆኑን ካረጋገጠች በኋላ አንድ ድቡልቡል ፈዛዛ ቢጫ እንቁላል ጥላ ወደ ሌላው ቅጠል ታልፋለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል ጥቁር ቡናማ ሆኖ ነጭ ጣል ያለበት ስለሆነ ወፎች ኩስ መስሏቸው ይተዉታል፤ ኩስ መምሰል የማያዋጣው ትልቅነት ላይ ሲደርስ ግን ቆዳውን ይገፍና ከቅጠሉ የማይለይ አረንጓዴ ይለብሳል። በስንጥር ቀስ አድርገው ቢነኩት ከጭንቅላቱ ኋላ ሁለት ቅርንጫፍ ያለው ለስላሳ ብርቱካናማ ቀንድ አውጥቶ ኃይለኛ ሽታ ይለቃል። ይህ ጉንዳንንና የመሳሰሉትን ማባረሪያው ነው እንጂ ሰውን የሚጎዳ ነገር የለውም።

እኔ ይህን ቀንድ በቅርብ ያየሁት እዚሁ በጓሮዬ፣ ለቡና ብዬ በገንዳ በተከልኩት ጤና አዳም ላይ ነው። የዚህ አገር ዘመዷ ፓፒሊዮ ፖሊክሴነስ ትባላለች፤ የእንስላል፣ የካሮትና የጤና አዳም ቅጠል የልጆቿ ምግብ ነው። ትሉ አረንጓዴ ሆኖ በየአንጓው ጥቁር መቀነት አለው፤ በመቀነቱ ላይ ቢጫ ነጠብጣቦች ተደርድረዋል። በኋላ እግሮቹ ዘንጉን ጨብጦ ቅጠሏን ከጫፏ ጀምሮ ይከረክማታል፤ አንዷን ሲጨርስ ወደሚቀጥለው ዞር ይላል፤ የጤና አዳሙ ሽታ ተነክቶ እንደተጨመቀ ሁሉ አካባቢውን ያውደዋል። አሁን አንደኛው ሙሽሬ ሆኖ፣ ማለትም ወደ ቢራቢሮነት ለመለወጥ በሽፋን ተዘግቶ፣ በገንዳው ጠርዝ ላይ ተለጥፏል፤ ጅራቱን በድር አጣብቆ ወገቡን ደግሞ በአንዲት ቀጭን ክር ታጥቆ፣ የዚህን አገር የበረዶ ወራት እንደዚሁ ያሳልፍና በጸደይ ቢራቢሮ ሆኖ ይወጣል። ሎሚና ጤና አዳም በዕፅዋት አመዳደብ የአንድ ቤተሰብ አባላት ስለሆኑ፣ እርስዎም በጓሮ በር በኩል ያለውን ጤና አዳም አልፎ አልፎ ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል።

ስለ ሎሚው የሚያሳስብዎትን አላቃልለውም። ሆኖም የእኛ ሎሚ ለብዙ ዓመታት ያፈራ፣ ሥር የሰደደ ዛፍ ነው፤ ጥቂት ቅጠል ቢበላበት መልሶ ያቆጠቁጣል። ከሚፈለፈሉት ትሎችም ብዙዎቹን ወፎች፣ ተርቦችና በትሉ ገላ ውስጥ እንቁላል የሚጥሉ ጥቃቅን ነፍሳት ስለሚጨርሷቸው ለቁምነገር የሚበቁት ጥቂት ናቸው፤ መድኃኒቱ ደግሞ እነዚህን ረዳቶችና በአበባው ላይ ያሉትን ንቦች ጭምር ይገድላል። በቆርቆሮ ያፈሏቸው ችግኞች ግን ነገራቸው ሌላ ነው፤ አንድን ችግኝ ሁለት ወይም ሦስት ትል መላጣ ያደርገዋልና፣ በእነርሱ ላይ ትል ባዩ ጊዜ ከነቅጠሉ ቆርጠው ወደ ትልቁ ዛፍ ያዛውሩት።

አሁን ወደ ፎቶግራፉ ልመለስ። የትሎቹ ፎቶ ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ ቢራቢሮዋ ግን፣ ካልተቀየሙኝ፣ ደብዝዛለች። ይህም ከእጅዎ ይልቅ ከሰዓቱ የመጣ ይመስለኛል፤ ያነሷት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ነውና። ቢራቢሮ የገዛ ገላዋን ሙቀት ከፀሐይ የምታገኝ ፍጥረት ስለሆነች፣ የክንፎቿ ጡንቻዎች ወደ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ እስኪሞቁ ድረስ እንደልብ መብረር አትችልም። እኩለ ቀን ላይ ሞቋት ስትከንፍ ከሚያሳድዷት ይልቅ፣ የአዲስ አበባ ብርድ ገና ሳይለቅ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ቀድሞ የሚያርፍበትን የድንጋይ አጥርና ከሥሩ ያለውን የወፍ ቆሎ ቁጥቋጦ ይጎብኙ። ክንፏን ዘርግታ ስትሞቅ ካገኟት ጊዜ አለዎት። ጥላዎ በላይዋ እንዳያልፍ ብቻ ይጠንቀቁ፤ ዓይኖቿ ዙሪያዋን ከሞላ ጎደል የሚያዩ በመሆናቸው ጥላና ፈጣን እንቅስቃሴ ወዲያው ያስበረግጓታል፣ ቀስ ብሎ ዝቅ ብሎ የሚቀርብን ሰው ግን ብዙ ጊዜ ትታገሠዋለች። ጎንበስ ማለት ወገብዎን የሚያስቸግርዎ ከሆነ ያቺን ዱካ አስቀምጠው እዚያው ይጠብቋት፤ አበባው ካለ መምጣቷ አይቀርም።

ስልኩን በሚመለከት፣ ምስሉን በጣትዎ ከማጉላት ይልቅ ራስዎ መቅረብ ይሻላል፤ ስልኩ ሲያጎላ ያው ያነሳውን ምስል ስለሚለጥጠው ጥራቱ ይወርዳል። በመስታወቱ ላይ ቢራቢሮዋ ያለችበትን ቦታ አንድ ጊዜ ነካ ሲያደርጉት ስልኩ እርሷን ለይቶ ያጠራል። ክንፏን ዘርግታ ከሆነ ስልኩን ከክንፉ ጋር ትይዩ አድርገው ከላይ፣ አጥፋ ቆማ ከሆነ ደግሞ ከጎን ያንሷት፤ አዘንብለው ሲያነሱት አንደኛው የክንፍ ጫፍ ይጠራና ሌላው ይደበዝዛል። የክንፉን የላይኛውንም የታችኛውንም ገጽ ማግኘት ተገቢ ነው፤ ብዙዎቹን ከዘመዶቻቸው ለመለየት ወሳኙ ምልክት ያለው በታችኛው ገጽ ላይ ነውና። ስልኩ ቀኑንና ሰዓቱን በራሱ ይመዘግባል፤ ያረፈችበትን ተክል ግን አይመዘግብም። ስለዚህ የዝናቡን ቀን ይጽፉበት በነበረው ደብተር ላይ ተክሉን ቢያሰፍሩልኝ፣ ከፎቶው እኩል ዋጋ አለው።

ሎሚው ላይ ሙሽሬ ካገኙ በየጠዋቱ ይዩት። ሊፈለፈል ሲቃረብ ይጠቁራል። ቢራቢሮዋ ስትወጣ ክንፎቿ እርጥብና የተጨማደዱ ናቸው፤ ተንጠልጥላ ከገላዋ ፈሳሽ እየገፋች ትዘረጋቸዋለች፤ እስኪደርቁላትም ድረስ ከቦታዋ አትርቅም። ፎቶ ለማንሳት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

ከእርሷ ሌላ የሚመጡትን እንዲሁ በአጭሩ ልጥቀስልዎ። በአተሩና በባቄላው መደብ ላይ የምትመላለሰው ትንሿ ሰማያዊ ቢራቢሮ ላምፒደስ ቦኤቲከስ ትመስለኛለች፤ ልጆቿ የሚያድጉት በእሸቱ ውስጥ ስለሆነ እማዬ ላትወድላት ትችላለች። ስታርፍ ከኋላ ክንፎቿ ጫፍ ላይ ሁለት ጥቁር ነጥቦችና ሁለት ቀጫጭን ጭራዎች ይታያሉ፤ ክንፎቿንም እያፋተገች ጭራዎቹን ታንቀሳቅሳቸዋለች። ወፏ ያንን ዓይንና አንቴና ያለው ጭንቅላት መስሏት ስትነክስ የምታገኘው የክንፍ ቁራጭ ብቻ ነው። ጭራዋ የተቆረጠ ካዩ ይህ ደርሶባት አምልጣ ይሆናልና እንደዚያ ሆና ያንሱልኝ። በማገጡ ላይ ዝቅ ብላ የምትበረው ብርቱካንማ ቢጫ ደግሞ ኮሊያስ ኤሌክቶ ናት፤ የኢትዮጵያው ንዑስ ዝርያዋ «ሜኔሊኪ» የሚል ስም እንዳለው ስነግርዎ ደስ እንደሚልዎ አውቃለሁ። የበሰበሰ ሙዝ ከጠላ አተላ ጋር ቀላቅለው በሰሐን ዛፍ ሥር ቢያስቀምጡ፣ አበባ የማይቀርቡትን ካራክሰስ የሚባሉትን ጠንካራ በራሪዎች ሊስብ ይችላል፤ ዝንቡን ግን ለእማዬ እርስዎ ያስረዷት።

ከሁሉ ይልቅ በሁለታችንም ጓሮ የምትገኝ አንዲት አለች፤ ቫኔሳ ካርዱይ ትባላለች፣ ብርቱካናማ ሆና የፊት ክንፎቿ ጫፍ ጥቁርና ነጭ ጣል ያለበት ነው። ከሰሃራ በታች ካለው አፍሪካ ተነስታ ትውልድ በትውልድ እየተቀባበለች አውሮፓ ድረስ የምትሄድና የምትመለስ ስደተኛ ናት። እ.ኤ.አ. በ2013 በጥቅምት ወር በደቡብ አሜሪካ በፈረንሳይ ጊያና የባሕር ዳርቻ አርፈው የተገኙ ቢራቢሮዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመ ጥናት ከምዕራብ አፍሪካ ተነስተው ቢያንስ 4,200 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን አትላንቲክን በነፋስ እየታገዙ እንደተሻገሩ ተረጋግጧል። ማስረጃው በገላቸው ላይ ከተገኘው የአበባ ብናኝና ከዘር መለያቸው ጭምር የተሰበሰበ ነው። በባሕር ላይ ምን ይዛ እንደምትሻገር ለመገመት ያስቸግራል፤ ሚዛን ላይ ብትወጣ ከአንድ ግራም በታች ናት።

አንድ የምለምንዎ ነገር አለ። በአጥሩ ላይ በሩቁ ያነሷትን ብርቱካናማ ቢራቢሮ ማንነት ከፎቶው መለየት አልቻልኩም። ዳናውስ ክሪሲፐስ ከሆነች በትልነቷ ከበላችው ከቶብያው ዓይነት ተክል ያጠራቀመችው መርዝ ስላላት ወፎች አይነኳትም፤ እዚህ በአሁኑ ሳምንት ወደ ሜክሲኮ እየነጎደ ያለው የሞናርክ ቢራቢሮ የቅርብ ዘመድ ናት። ነገር ግን ሂፖሊምናስ ሚሲፐስ የምትባለው ምንም መርዝ ሳይኖራት እንስቷ የዳናውስን መልክ ለብሳ ትኖራለች፤ ወንዱ ፍጹም የተለየ፣ ጥቁር ሆኖ ትልልቅ ነጭ ክቦች ያሉት ነው። መለያው በኋላ ክንፍ መካከል ያለው ጥቁር ነጥብ ነው፤ ዳናውስ ላይ ሦስት ወይም አራት ሲሆን በአስመሳይዋ ላይ አንድ ብቻ ነው። ክንፏን አጥፋ ስታርፍ ከጎን አንስተው ቢልኩልኝ ያኔውኑ እነግርዎታለሁ።

በስልኩ ላይ የሚሰካ ትንሽ የማጉያ ሌንስ ገዝቼ አስቀምጫለሁ፤ ለገና ከሚመጣ ሰው ጋር እልክልዎታለሁ። ከዚያ ለተረፈው ሻንጣ እማዬ የምትፈልገውን ትንገረኝ። ለጎረቤቶቻችን በሙሉ፣ በተለይም መርጫውን ይዞ ሊመጣ ለነበረው ልጅ፣ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

አክባሪ ልጅዎ